የታችኛው ቅርንጫፍ

ቃልኪዳን ሰው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድባት አይሆንላትም። በሦስት ቃል የሚያልቀውን ነገር በሠላሳ ቃል የሚያወራ ሰው ከገጠማት ጣቷ ጠረጴዛ መምታት ይጀምራል። እናቷ፣ "ይቺ ልጅ ከመወለዷም ቸኩላለች" ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ በስምንት ወሯ ነው የተወለደችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሜዲካል ምህንድስና ስትማርም፣ ተመርቃ ወልድያ ላይ አዲስ በተከፈተው የቀዶ ሕክምና ማዕከል ስትቀጠርም ይህ ጠባይዋ አልለቀቃትም። ደግነቱ መሣሪያዎች ወሬ አያበዙም።

በተለይ አንዱን መሣሪያ ትወደዋለች። እጀታው እርሳስ ያክላል፤ ጫፉ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል መንጠቆ አለችው። መንጠቆዋ አንጎል ውስጥ ያለ ደም ሥር ላይ ስትጠለቅ፣ በዚያ ሥር በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያልፍ በድምፅ ሞገድ ለክታ ቁጥሩን ስክሪን ላይ ታወጣለች። ካርቶኑን የፈታችው፣ የገጠመችው፣ የፈተሸችው ቃልኪዳን ናት። በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ጨዋማ ውሃ እያሳለፈች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞክራዋለች፤ አንድም ቀን አልዋሻትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሞላ ወርክሾፗ በር ላይ መጥቶ ቆመ። በየሦስት ወሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይብሳል።

"ኢንጂነር፣ የነገው በሽተኛ አልፈርምም ብለዋል። አንቺን ይጠራሉ።"

"እኔን? እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?"

"አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ሲያልቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ጎበዝ፣ አሁን ቁጥሩን የምታውቀዋን ልጅ ጥራልኝ።' ሂጂ በናትሽ። እኔን እንደ ተማሪ ነው የሚያዩኝ።"

በሽተኛው አቶ ኑርሁሴን ከመርሳ ወዲያ ያለችው የግራና ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የመስኖ ቦይ ዳር ቆመው ሁለት ገበሬዎች ሲያስማሙ፣ ጭንቅላታቸውን በመጥረቢያ የተመቱ መስሏቸው ወደቁ። ከግራና መርሳ በባጃጅ፣ ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ አመጧቸው። ምርመራው እንዳሳየው በግራ የአንጎላቸው ክፍል አንድ ደም ሥር ሁለት ቦታ በሚከፈልበት መንታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ትንሽ ደም ፈስሶ በራሱ ቆሟል። ሁለተኛ ከፈነዳ ግን የሚቆም አይደለም።

ቃልኪዳን ስትገባ አልጋው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ረሂማ፣ መርሳ ላይ ሽንኩርት የምታስጭን፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ከሾፌር ጋር ትጨቃጨቃለች።

"እኔን ነው የጠሩኝ አባባ?"

"አዎ። ተቀመጪ ልጄ።"

"መቆም ይሻለኛል።"

"ለእኔ አይሻለኝም። አንገቴን አሳመምሽው እኮ።"

ተቀመጠች። ረሂማ ስልኩን ዘግታ ሳቀች።

"ዶክተሩ ሲነግረኝ" አሉ ኑርሁሴን፣ "ያበጠውን አንገቱ ላይ በብረት ቆንጥጦ ይዘጋዋል። ደግ። ግን ያበጠው መንታው ላይ ነው። ቆንጥጦ ሲዘጋው ከሁለቱ ቅርንጫፍ የአንዱን አፍ ቢያጠበውስ?"

ቃልኪዳን ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ጥያቄ አምስተኛ ዓመት ላይ ያለ የሕክምና ተማሪ ላይጠይቀው ይችላል።

"ለዚያ ነው የምንለካው። ክሊፑ፣ ያ የሚቆነጥጠው ብረት፣ ሳይገባ ሁለቱንም ቅርንጫፍ እንለካለን። ከገባ በኋላ ደግመን እንለካለን። የአንዱ ከቀነሰ ዶክተሩ ክሊፑን አንስቶ ያስተካክላል።"

"ቁጥሩን የሚያየው ማነው?"

"እኔ።"

"ብቻሽን?"

"ስክሪን ላይ ይወጣል አባባ። እኔም ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።"

"ብቻሽን ነው ወይ ነው ያልኩሽ።"

ጣቷ የአልጋውን ብረት መምታት ጀመረ። ረሂማ ጣልቃ ገባች። "አባዬ የውሃ አባት ናቸው" አለች። "ግራና ላይ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ስለ ውሃ ከጀመሩ ደግሞ መሸብሽ።"

"ዝም በይ አንቺ፤ ሽንኩርትሽን ያጠጣሁት እኔ ነኝ" አሉና ወደ ቃልኪዳን ዞሩ። "ስሚ ልጄ። አንድ ቦይ ለሁለት ልከፍል ስል ከመዝጋቴ በፊት ዘንግ አስገብቼ እለካለሁ። ስድስት ጣት ከሆነ፣ 'ስድስት' እላለሁ። የራስጌው ገበሬም፣ 'ስድስት' ይላል፣ በአፉ። የግርጌውም ይላል። ያላለ ሰው ካለ አልዘጋም፤ ተራውም ያልፋል እንጂ አልዘጋም።"

"ለምን? ሁሉም እያየ አይደለም እንዴ?"

"ማየትማ ያያል። ከዘጋሁ በኋላ የግርጌው ውሃ አነሰ እንበል። ያን ጊዜ፣ 'ኧረ ቀድሞም እንዲሁ ነበር' የሚል አይጠፋም። ክፉ ሆኖ አይደለም። ልቡ ነው የሚያታልለው። የዘጋ ሰው የዘጋው ልክ እንዲሆንለት ይፈልጋል። እኔም ራሴ አንድ ሁለቴ እንዲያ ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን በአፌ ማለቴን ሰው ባያስታውሰኝ የሰው ማሳ አድርቄ ነበር።"

የቃልኪዳን ጣት ቆመ።

"ለእኔ ሰሌዳ አትንገሪኝ" ሲሉ ቀጠሉ። "ሰሌዳው ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የሚዘጋው እሱ ነው። የሚዘጋው ሰው በአፉ ይበል። ሌሎቹም ይስሙት። ያን ጊዜ እፈርማለሁ።"

"ዶክተር ሞላ ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። ሳቅ ምን ይጎዳል? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የታችኛው ቅርንጫፍ የሚያጠጣው ምኑን ነው?"

መዋሸት አልለመደባትም። "ንግግርን። ሰው የሚለውን መረዳትን፣ የሚሉትን ቃል ማግኘትን። እዚያ ያለው ደም ከቀነሰ በሕይወት ይኖራሉ፤ ግን ወሬ ላይገባዎት ይችላል።"

ረሂማ የአባቷን እግር በአንሶላው ላይ ያዘች።

"ሞቱ የአላህ ነው፤ ስለ ሞት ከማንም አልጣላም" አሉ ኑርሁሴን ቀስ ብለው። "ነገሩ እንዳይገባኝ ሆኜ ብኖር ግን ምን አደርጋለሁ? ሰባ አባወራ የሚታረቀው በዚህ አፍ ነው።"

"የሚጣላውም በሱ ነው" አለች ረሂማ፤ ድምጿ ግን ቀጥኗል።

"እሺ" አለች ቃልኪዳን። "በአፉ አስብለዋለሁ።"

"ወላሂ?"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ አባባ።"

"እንግዲያ በራስሽ እምነት ማይ።"

"ማርያምን።"

"በይ እስክሪብቶውን አምጪው።"

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ። ቀትር ሲሆን የራስ ቅሉ ተከፍቶ፣ የአንጎሉ እጥፋት በቀስታ ተገልጦ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር መንታው ብቅ አለ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ሁሉም ያየዋል። ያበጠው ቦታ ቀይ ነው፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ውስጡ የሚዞረው ደም ይታያል። ከሥሩ ሁለቱ ቅርንጫፎች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ።

ክፍሉ ውስጥ ዶክተር ሞላ አለ፤ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ መስከረም አለች፤ ራስጌ ማደንዘዣውን የያዘው ዓሪፍ አለ። ቃልኪዳን ከመሣሪያዋ ጎን ቆማለች። ሞላ መንጠቆዋን መጀመሪያ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ ታችኛው ላይ አጠለቀ።

"ላይኛው አርባ ሁለት" አለች። "ታችኛው ሠላሳ ስምንት።"

"ጥሩ። ጻፊው። ክሊፕ።"

"ዶክተር፣ በአፍዎ ይበሉት።"

ከማይክሮስኮፑ ዓይኑን አላነሳም። "ምኑን?"

"ቁጥሩን። ላይኛው አርባ ሁለት፣ ታችኛው ሠላሳ ስምንት ይበሉ።"

"ኢንጂነር፣ ዳዊት ልታስደግሚኝ ነው?"

"ሰውየው የፈረሙት በዚህ ነው። እኔም ምያለሁ።"

ዓሪፍ ከጭምብሉ ሥር ሳቀ። ሞላ ተነፈሰ፤ ሰው ሲያስቸግረው የሚተነፍሳት ረጅም ትንፋሽ አለችው። "ላይኛው አርባ ሁለት። ታችኛው ሠላሳ ስምንት። መቶ ጊዜ ልበለው?"

"አንዴ ይበቃል። መስከረም?"

"አርባ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት" አለች መስከረም፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

"አርባ ሁለትና ሠላሳ ስምንት" ሲል ዓሪፍ ድምፁን ሳብ፣ ሰበር አድርጎ አዜመው። እናቱ አምባሰል እያዜሙ ሰው የሚያስለቅሱ ናቸው ይባላል፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥም አይተወውም።

"አሁን ተፈቀደልኝ?" አለ ሞላ።

ክሊፑ ገባ። የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች፣ ከጥፍር የምታንስ ብረት ናት። ሞላ በመያዣው ይዟት ባበጠው ቦታ አንገት ዙሪያ አስገብቶ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ፊኛው ወዲያው ጠወለገ። ያየ ሁሉ "እሰይ" አለ። በእውነትም ያማረ ሥራ ነበር። ሞላ ቀጭኗን የድምፅ ማዳመጫ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አስጠጋ፤ ሿ… ሿ… ሿ… የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"ሰማችሁ? ይሄዳል። የራስ ቅሉን ለመዝጋት እንዘጋጅ።"

"ልለካ" አለች ቃልኪዳን።

"ለኪ፣ ለኪ።"

ላይኛው አርባ አንድ አለ። መንጠቆዋ ወደ ታችኛው ወረደች። ቁጥሩ ወጣ፤ ጠበቀችው፤ አልተነሳም።

"አሥራ ሰባት።"

"አየር ገብቶ ነው። ሳላይን ጨምሪ መስከረም።" መንጠቆዋና ሥሩ መካከል የአየር አረፋ ከገባ ቁጥሩ ይዛባል፤ ቃልኪዳን ራሷ ናት ይህን ያስተማረችው። መስከረም ጨዋማውን ውሃ ጨመረች። አሥራ ሰባት። ሞላ መንጠቆዋን አንስቶ ደግሞ አጠለቀ። አሥራ ስድስት።

"ዓሪፍ፣ ግፊቱ ወርዷል?"

"ንቅንቅ አላለም። እንደ ቅድሙ ነው።"

"እንግዲያ መሣሪያው ነው።"

ቃልኪዳን ደሟ ፈላ። ሆኖም ድምጿን አላነሳችም። "ላይኛውን ደግመው ይለኩ።"

ለካ። አርባ አንድ።

"አንድ መሣሪያ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ለላይኛው ልክ ሆኖ ለታችኛው አይሳሳትም። መሣሪያው ደህና ነው ዶክተር።"

"ድምፁንስ አልሰማሽም? ይሄዳል እኮ!"

"ይሄዳል። ድምፁ የሚነግረን መሄዱን ነው፤ ስንት እንደሚሄድ አይነግረንም። ከግማሽ በላይ ጎድሏል።"

ሞላ እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሰ። ለምን እንደሚያመነታ ሁሉም ያውቃል። ክሊፑን መክፈት ማለት ያንን የሳሳ ግድግዳ እንደገና መንካት ማለት ነው፤ ሲነካ ከፈነዳ ሰውየው ከጠረጴዛው ላይወርዱ ይችላሉ። ባይነካው ደግሞ በዓይን የሚታየው ሁሉ ያማረ ነው። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ደም የጎደለበት የአንጎል ክፍል ብዙ አይታገስም።

"ቀድሞውንም ቀጭን ሥር ነው" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ትዕቢት የለበትም፤ የሚያስብ ሰው ድምፅ ነው። "ሲጀመርስ… ሃያ አካባቢ አልነበር?"

ቃልኪዳን ወደ ሰሌዳው አየች። እያወቀ የዋሸ ሰው ቢሆን ትጮህበት ነበር። ግን አልዋሸም። ከልቡ እንደዚያ መስሎታል።

"ሠላሳ ስምንት ነበር።"

"ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ተሳስተሽ ከላይኛው ጋር…"

"ዶክተር" አለች መስከረም። በአራት ዓመት ሥራዋ ሐኪም ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ ነው። "እኔ ሰሌዳውን አላየሁም። የሰማሁት የእርስዎን አፍ ነው። ታችኛው ሠላሳ ስምንት ብለዋል።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አለ ዓሪፍ፤ አሁን አላዜመም። "ሠላሳ ስምንት ነው ያሉት። አራት ደቂቃ ሊሞላ ነው ዶክተር።"

ሞላ ሁለቱን እጆቹን ከቁስሉ በላይ አነሳ።

"ብያለሁ" አለ። "መክፈቻውን ስጪኝ።"

ክሊፑ ሲከፈት ከሥሩ ቀጭን ደም ብልጭ አለ። መስከረም ቀድማ መምጠጫውን አስጠጋች፤ ሞላ በጥጥ ያዘው፤ ቆመ። ማይክሮስኮፑን ወደ ጎን አዘንብሎ ከኋላ በኩል አየ። ከፊት ለፊት የማይታይ እጥፋት ነበረ፤ የክሊፑ ጫፍ ከእብጠቱ ጋር የታችኛውን ቅርንጫፍ ግድግዳ አብሮ ነክሶ ይዞት ነበር።

"አየኸው?" አለ ለራሱ። "አየኸው፣ አየኸው…"

ክሊፑን አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ አቅጣጫውን ቀይሮ መለሰው። ፊኛው እንደ ቅድሙ ጠወለገ። መንጠቆዋ ወረደች።

ቃልኪዳን ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያ የጠበቀችው ነገር የለም።

"ሠላሳ ሰባት።"

"ሠላሳ ሰባት" አለ ሞላ፣ ማንም ሳያዘው። "ሠላሳ ሰባት። መስከረም፣ አንቺም በይው።"

ግን ደሙ አራት ደቂቃ ከግማሽ ጎድሎ ቆይቷል። አራት ደቂቃ ተኩል ምን ያህል እንደጎዳ ቁጥር አይናገርም፤ የሚናገሩት ሰውየው ናቸው። እሱም ነገ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከመተንፈሻው ቱቦ ተላቀው ዓይናቸውን ገልጠዋል ሲባል ቃልኪዳን ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ሞላ ቀድሟት አልጋው አጠገብ ቆሟል። ረሂማ በማዶ በኩል ናት፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል።

"እንዴት አደሩ አባባ?" አለ ሞላ።

"አልሐምዱሊላህ።" ድምፃቸው እንደ አሸዋ ሻክሯል።

"ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ራስዎን ያምዎታል?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ሞላ ፊቱ በራ። ካርዱን አንስቶ "ንግግር ደህና" ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ።

"ቆይ" አለች ቃልኪዳን። "ይህ ንግግር አይደለም።"

"ምን ማለትሽ ነው? እየመለሱልኝ አይደል?"

"ሰላምታ ነው የመለሱት። ሰላምታ በልምድ ከአፍ ይወጣል፤ ነገር የማይገባው በሽተኛም አይስተውም። ባለፈው የነገሩን እርስዎ ነዎት። የእኛ አገር ሰው ደግሞ እግሩ ቢቆረጥም 'አልሐምዱሊላህ' ነው የሚለው።"

ሞላ እስክሪብቶውን ወደ ታች አደረገ። ረሂማ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። "አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

ኑርሁሴን አዩዋት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ረሂማ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቃልኪዳን አላባበለቻትም፤ ማባበል የማትችለው ነገር ነው። ከፊታቸው መጥታ ቆመችና፣ ከሰላምታ ጋር የማይመሳሰል፣ በልምድ የማይመለስ ትእዛዝ ፈለገች።

"አባባ፣ ይስሙኝ። በቀኝ እጅዎ ግራ ጆሮዎን ይንኩ።"

ኑርሁሴን አፈጠጡባት። ምንም አልሆነም። ከጎን ያለው ማሽን ቲክ፣ ቲክ ይላል። ሞላ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ ቀኝ እጃቸው ከአንሶላው ተነሳ። ቀስ እያለ በደረታቸው አለፈ፤ በፊታቸው አለፈ፤ ወደ ላይ ወጣና በአናታቸው ላይ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሲል ዕድሜው መድረሱን ለማሳየት እንደሚያደርገው።

"ኧረ በላይ አይደለም! ፋሻው! ፋሻውን!" ቃልኪዳን ዘልላ እጃቸውን ከአናታቸው ላይ ያዘች። ሞላም ከመስኮቱ ተወርውሮ መጣ።

"ታዲያ በየት ነው?" አሉ ኑርሁሴን፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ እንዳለ። "አንቺ ልጅ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁን አንደኛ ክፍል ልታስገቢኝ ነው?"

መጀመሪያ የሳቀው ሞላ ነው። ረሂማ አልሳቀችም፤ አልጋው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"እሷ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ቀኑን ስትጠይቅዎት አልመለሱላትም እኮ!" አለች ቃልኪዳን።

"ቀኑን በምን ልወቀው? አስተኝታችሁ የቆራረጣችሁኝ እናንተ። ጉሮሮዬም ቆስሏል፤ ምን ሆናችሁ ነው ጠዋት በማለዳ ሰብሰብ ብላችሁ የምታደርቁኝ? ረሂማ፣ ቀና በይ። ያ ሾፌር ጫነልሽ? አልጫነም፣ አይደል? አልኩሽ እኮ፣ ያ ሰው አፉ ብቻ ነው። ለኡበይደላ ደውይለት፣ የእሱ መኪና…"

"አባባ፣ ብዙ አይናገሩ። ይረፉ" አለ ሞላ።

"…የእሱ መኪና ጎማው አሮጌ ነው ግን ቃሉን ያከብራል። ደግሞ ያን የሁለቱን ገበሬዎች ነገር ሳልጨርሰው ነው የወደቅሁት፤ ማን ጨረሰው? እንዳይጨርሱት በያቸው። አንደኛው የጎደለ ነገር ነበረው…"

"አባባ!"

አልሰሙትም።